ኬብል ሲበጠስ፣ ሳተላይት ሲጋረድ፦ ስለ ፓስፊክ ደሴቶች ኢንተርኔት የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የፓስፊክ ደሴት አገራት ከዓለም ጋር በምን መንገድ እንደሚገናኙ የሚጠይቁ ናቸው። ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ ቶንጋ በ2022 እሳተ ገሞራ ሲፈነዳባት ከአምስት ሳምንት በላይ ያለ ኬብል እንደቆየች አንብቤያለሁ። የተበጠሰ ሽቦ መቀጠል ይህን ያህል ጊዜ የሚፈጀው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ጃንዋሪ 15 ቀን 2022 የሁንጋ ቶንጋ ሁንጋ ሃአፓይ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ወደ ሰማይ የተወረወረው አመድና ድንጋይ ተመልሶ ባሕሩ ላይ ወደቀ፤ ከዚያም በባሕሩ ወለል ላይ ቁልቁል እንደ ጎርፍ ነጎደ። ኋላ ላይ የተደረገው ጥናት ፍጥነቱን በሰዓት እስከ 122 ኪ.ሜ አድርሶታል። ቶንጋን ከፊጂ የሚያገናኘው፣ በ2013 ሥራ የጀመረው 827 ኪ.ሜ ኬብልም፣ ዋናውን ደሴት ቶንጋታፑን ከሃአፓይና ከቫቫኡ ጋር የሚያገናኘው የአገር ውስጥ ኬብልም ጎርፉ ባለፈበት ነበሩ። ከዓለም አቀፉ ኬብል ብቻ ከ80 ኪ.ሜ በላይ የሚሆነው ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ ከፊሉ ተቆራርጦ ከቦታው ተወሰደ፣ ከፊሉ በደለል ተቀበረ።

የጥገናው አካሄድ በየትኛውም ባሕር ያው ነው። መጀመሪያ ኬብሉ ከባሕር ወደ መሬት ከሚወጣበት ማረፊያ ጣቢያ በፋይበሩ ውስጥ የብርሃን ምት ይላካል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 5 ማይክሮሰከንድ ይፈጅበታል፤ ደርሶ መልስ 10። ነጸብራቁ ከ370 ማይክሮሰከንድ በኋላ ከተመለሰ ብልሽቱ 37 ኪ.ሜ ላይ ነው፤ የቶንጋው ብልሽትም የጀመረው በዚህ ርቀት አካባቢ ነበር። ብልሽቱ ሪፒተር ከሚባሉት የባሕር ውስጥ ማጉያዎች ወዲያ ከሆነ ግን ተራው መሣሪያ አይበቃም። ማጉያው ምልክቱን የሚያሳልፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ነጸብራቁን በመመለሻው ፋይበር በኩል የሚያነብ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል።

መርከቧ ቦታው ስትደርስ መንጠቆ እየጎተተች ኬብሉን ታስሳለች። ጥልቀቱ 2,000 ሜትር በሆነበት ኬብሉን ሳይቆርጡ ላይ ማውጣት አይቻልም፤ ስለዚህ አንዱ መንጠቆ ይቆርጠዋል፣ ሌላው ጫፉን ያወጣዋል። ጫፉ እስከ ጣቢያው ድረስ ይፈተሻል፤ ጤነኛ ከሆነ ይታሸግና ከተንሳፋፊ ጋር ይታሰራል። ቀጥሎ ሌላው ጫፍ ይወጣል፣ ይፈተሻል፣ መጠባበቂያ ኬብል ይቀጠልበታል። መርከቧ አዲሱን ኬብል እየዘረጋች ወደ ተንሳፋፊው ትመለስና የመጨረሻውን መቀጠያ ትሠራለች። እያንዳንዱ መቀጠያ ፋይበሮቹን ማጣበቅ፣ ኃይል የሚያስተላልፈውን መዳብ ማገናኘት፣ ፕላስቲኩን አቅልጦ ማልበስና በኤክስሬይ መመርመር ስላለበት ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ይወስዳል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የተበላሸው አንድ ሜትር ብቻ ቢሆንም የሚጨመረው ኬብል ቢያንስ የጥልቀቱን ሁለት እጥፍ ያህላል፤ ሁለቱ ጫፎች የሚገናኙት መርከቧ ላይ ነውና። በ2,000 ሜትር ጥልቀት ይህ 4 ኪ.ሜ ነው። 80 ኪ.ሜ ሲጠፋ ደግሞ ይህን ያህል መጠባበቂያ በአንድ አገር መጋዘን ውስጥ እምብዛም አይገኝም።

በዚያ ላይ የጥገና መርከቧ ሪላያንስ የነበረችው በፓፑዋ ኒው ጊኒ ዋና ከተማ ፖርት ሞርስቢ ነው። ከዚያ እስከ ቶንጋ ከ4,000 ኪ.ሜ በላይ ይሆናል፤ በሰዓት 22 ኪ.ሜ እየተጓዙ ሳያቋርጡ ቢሄዱ እንኳ 8 ቀን ነው። ኬብሉ ሥራ የጀመረው ፌብሩዋሪ 22፣ ከ38 ቀናት በኋላ ነበር። የአገር ውስጡ ኬብል እስከ 2023 ድረስ ጠበቀ፤ ቫቫኡና ሃአፓይ ያን ሁሉ ጊዜ በሳተላይት ቆዩ።

እሳተ ገሞራው የተለየ አደጋ ነው ብሎ ማለፍ ግን ስህተት ይሆናል። ይኸው የቶንጋ ኬብል በ2019 ጃንዋሪም ተበጥሶ አገሪቱ ለሁለት ሳምንት ያህል ከዓለም ተቆርጣ ነበር። ማርሻል ደሴቶችም በ2016 መጨረሻ አንድያ ኬብላቸው ተበላሽቶ ሦስት ሳምንት ገደማ በሳተላይት ጭላንጭል ቆይተዋል። በዓለም ላይ በዓመት ከ150 እስከ 200 የኬብል ብልሽት ይመዘገባል፤ ከአሥሩ ሰባቱ ወይም ስምንቱ የዓሣ ማጥመጃ መረብና የመርከብ መልህቅ ያመጡት ነው። አንድ ኬብል ብቻ ያለው አገር ኬብሉ መበጠሱን እንደ እርግጠኛ ነገር ይዞ ነው ማቀድ ያለበት።

ስለዚህ የሳተላይቱ ውል ከብልሽቱ በፊት ይፈረማል፣ መሣሪያው ተተክሎ ይጠብቃል። በሦስት ወር አንድ ጊዜ፣ ሌሊት፣ ኬብሉ ሆን ተብሎ ከራውተሩ ተነቅሎ መስመሩ በራሱ ወደ ሳተላይት መዞሩ ይፈተሻል። ያልተፈተሸ መጠባበቂያ እንደሌለ ይቆጠራል። ሁለተኛው ዝግጅት ወረፋው ነው። ከኬብሉ አቅም ከሃምሳ እጅ አንዱ ብቻ ሲቀር ማን ይቅደም? ድምፅና የአደጋ ጥሪ፣ ቀጥሎ ባንክና የገንዘብ ዝውውር፣ ቀጥሎ ኢሜይል፤ ቪዲዮ ይዘጋል። ይህ ደንብ ራውተሩ ላይ ቀድሞ ተጽፎ በአንድ ትእዛዝ የሚበራ መሆን አለበት። አደጋ በደረሰ ዕለት ስብሰባ ተቀምጦ የሚወሰን ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ስታርሊንክ የሚባለው የሳተላይት ኢንተርኔት የትም ይደርሳል ይባላል። ታዲያ ኬብል መዘርጋቱ ገንዘብ ማባከን አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም፤ ኬብል ስላለ ሳተላይት አያስፈልግም ማለትም አይቻልም። ልዩነቱ ከከፍታ ይጀምራል። በ35,786 ኪ.ሜ ላይ ቆሞ የሚታየው ሳተላይት ጋ ምልክቱ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ መልሱ ደግሞ ወጥቶ ሲወርድ መንገዱ ብቻ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይበላል፤ በተግባር 600 ሚሊሰከንድ ነው። ኩክ ደሴቶች በ2014 ቀድመው የተጠቀሙበት ኦስሪቢ የተባለው የሳተላይት መረብ 8,062 ኪ.ሜ ላይ ስለሚዞር ወደ 150 ይወርዳል። ስታርሊንክ 550 ኪ.ሜ አካባቢ ስለሆነ የምድር ጣቢያው ቅርብ ሲሆን ከ50 በታች ይደርሳል፤ ጣቢያው ሩቅ ሆኖ መረጃው ከሳተላይት ሳተላይት መዝለል ካለበት ይጨምራል። በኬብል ግን ለእያንዳንዱ 1,000 ኪ.ሜ ደርሶ መልሱ 10 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው።

ከመዘግየቱ ይልቅ ክርክሩን የሚዘጋው አቅም ነው። ዛሬ በሚዘረጋ ኬብል አንድ ጥንድ ፋይበር ከ10 ቴራቢት በሰከንድ በላይ ያሳልፋል፤ አንድ ኬብል ደግሞ ብዙ ጥንድ አለው። ሳተላይት አቅሙን ከሥሩ ላለው አካባቢ ሁሉ ያከፋፍላል፤ ከተማ ሙሉ ሰው ማታ ማታ ቪዲዮ ሲከፍት ቀድሞ የሚሰማው ይኸው ነው። ዝናብም አለ። ካ-ባንድ የሚባለው ከፍተኛ ሞገድ በሐሩር ክልል ዶፍ ሲወርድ ይዳከማል፣ አንዳንዴ ለደቂቃዎች ይቋረጣል። ዝቅ ያለው ሞገድ፣ ሲ-ባንድ፣ ዝናብን ይችላል፤ በምትኩ 2 ሜትር ተኩል እና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው ሳህን ይፈልጋል፣ ሳህኑ ደግሞ አውሎ ነፋስ ይፈራል።

የእኛ አመለካከት ይህ ነው፦ ሕዝብ ለተሰበሰበበት ዋና ደሴት ኬብል፣ መቶና ሁለት መቶ ሰው ለሚኖርባቸው የዳር ደሴቶች ሳተላይት፣ ለዋናው ደሴት መጠባበቂያ ደግሞ እንደገና ሳተላይት። ኪሪባስ 120,000 ገደማ ሕዝቧን በ3.5 ሚሊዮን ካሬ ኪ.ሜ ባሕር ላይ በትና ስለያዘች እያንዳንዱን ደሴት በኬብል አገናኛለሁ ብትል የሚሆን አይደለም።

ጥያቄ፦ ሻርክ ኬብል ይበላል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ነክሶ ያውቃል። ከብልሽቶቹ ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ግን ከምንም አይቆጠርም። መልህቅን ፍሩ። ጥልቅ ባሕር ላይ ኬብሉ ከ2 ሴንቲ ሜትር አይወፍርም፣ ወለሉ ላይ እንዲሁ ይጋደማል፤ ወደ ዳርቻው ሲቀርብ በብረት ሽቦ ይለበጣል፣ መሬቱ ከፈቀደ 1 ሜትር ያህል ይቀበራል። የኮራል ድንጋይ ለመቅበር ስለማይመች እዚያ የብረት ቱቦ ይለብሳል።

ጥያቄ፦ በኪሪባስ የዳር ደሴት ላይ ላለ ጤና ጣቢያ የሳተላይት ኢንተርኔት ለመትከል በቅርቡ እሄዳለሁ። የኤሌክትሪክ መስመር የለም። ምን ይዤ ልሂድ? ምንስ ይበላሽብኛል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በእንዲህ ያለ ቦታ ከኢንተርኔቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ኃይሉና ጨዋማው አየር ነውና።

ከኃይሉ እንጀምር። የሳተላይት ተቀባዩ በአማካይ 60 ዋት፣ ራውተሩና የዋይፋይ ማሰራጫው 15 ዋት ይፈልጋሉ እንበል። 75 ዋት በ24 ሰዓት 1,800 ዋት-ሰዓት ይሆናል። በደመናማው ወር በቀን 4.5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ይቆጠር፤ ሙቀት፣ ሽቦና ባትሪ የሚበሉትን ቀንሰን 65 በመቶው ብቻ ይደርሰናል እንበል። 1,800ን ለ2.925 ስናካፍል 615 ዋት ይወጣል፤ ስለዚህ ባለ 330 ዋት ሁለት ፓኔል። ለሁለት ፀሐይ አልባ ቀናት 3,600 ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል፤ የሊቲየም ባትሪን 80 በመቶ ብቻ እንጠቀም ካልን 4,500፤ ይህም በ24 ቮልት ባለ 200 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ነው። ኃይል መሙያ ተቆጣጣሪው 40 አምፒር ቢሆን ይበቃል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት መሣሪያው በሰዓት ቆጣሪ እንዲጠፋ ከተስማሙ ፍጆታው ወደ 1,200 ይወርዳል፤ ፓኔሉም ባትሪውም በሲሶ ይቀንሳሉ። ለጤና ጣቢያ ግን የሌሊት ድንገተኛ ሕመምተኛ ስላለ መልሶ የሚያበራ ማብሪያ ግድግዳው ላይ፣ ነርሷ የምትደርስበት ቦታ ይኑር።

ደሴቱ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ከሆነ ፓኔሉ ወደ ሰሜን፣ በስተሰሜን ከሆነ ወደ ደቡብ ይዙር፤ ኪሪባስ በሁለቱም በኩል ደሴቶች ስላሏት ካርታው ላይ ያረጋግጡ። ምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነ ተኝቶ ቢቀመጥ የሚያመነጨው ብዙም አይቀንስም፤ ቢሆንም ቢያንስ 10 ዲግሪ ያዘንብሉት፣ አለበለዚያ ዝናቡ ጨውና የወፍ ኩስ አያጥበውም። የኮኮናት ዛፍ ሥር አይትከሉ። ጥላው ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ ፍሬው ሲወድቅ ፓኔል ይሰነጥቃል። የሳተላይት ተቀባዩም ሰማዩን ክፍት አድርጎ ማየት አለበት፤ ዛሬ ዝቅ ያለ ቅጠል በሁለት ዓመት ውስጥ መንገዱን ይዘጋል።

ቀጥሎ ጨው። ብሎኖቹ በሙሉ 316 የሚባለው ደረጃ ያለው አይዝጌ ብረት ይሁኑ። አሉሚኒየም ማቀፊያ ላይ በቀጥታ አይሰሯቸው፤ ሁለት ዓይነት ብረት በጨዋማ እርጥበት ሲነካካ አሉሚኒየሙ ይበላልና መሃሉ የፕላስቲክ ቀለበት ያስገቡ። ሽቦው በቆርቆሮ የተለበጠ መዳብ ይሁን፤ ባዶው መዳብ በመከላከያው ውስጥ ሳይቀር እየጠቆረ ይሄዳል፣ ከውጭ ደግሞ ደህና ይመስላል። ውጭ ያለ ማገናኛ ሁሉ በራሱ ላይ በሚጣበቅ የጎማ ፕላስተር ይጠቅለል። ሽቦው ወደ ሳጥን ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ይቀለበስ፣ ውሃው እዚያው እንዲንጠባጠብ፤ መግቢያውም ከሳጥኑ ታች ይሁን። ማራገቢያ ያለው መሣሪያ አይውሰዱ፣ ጨዋማውን አየር ወደ ውስጡ ይስባል። ጉንዳንና እንሽላሊት ሙቀት ፈልገው ሳጥን ውስጥ ስለሚገቡ ትርፍ ቀዳዳ ሁሉ ይደፈን፤ ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ ቦርድ የሚያቃጥለው እሱ ነው።

የመብረቅ መሬት መስመር ሌላ ራስ ምታት ነው። ደረቅ የኮራል አሸዋ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ዘንጉን ከላይ ባለው አሸዋ ውስጥ ብቻ መትከል ጥቅም የለውም፤ በዝቅተኛ ደሴት ላይ ውሃው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሜትር ጥልቀት ላይ ስለሆነ እዚያ እስኪደርስ ይግባ፤ ሁለት ወይም ሦስት ዘንግ ተራርቆ ይተከልና በአንድ ሽቦ ይያያዝ።

መለዋወጫውን በዋጋ ሳይሆን በመርከብ ቀን ይመዝኑት። ቀጣዩ መርከብ የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ከሆነ አንድ የ200 ብር ፊውዝ ጤና ጣቢያውን ያን ያህል ጊዜ ሊዘጋ ይችላል ብለው ያስቡ፤ የገንዘቡ ዓይነት ምንም ይሁን ነጥቡ ያው ነው። ሁለተኛ ራውተር (ቅንብሩ ቀድሞ የተጫነበት)፣ ሁለተኛ የኃይል ማቅረቢያ፣ ከእያንዳንዱ ዓይነት አሥር ፊውዝ፣ የተቀባዩ ትርፍ ገመድ፣ ማገናኛዎችና መጭመቂያው በዝርዝሩ አናት ይሁኑ። አውሎ ነፋስ በሚመጣበት አካባቢ ከሆነ ተቀባዩ በሁለት ብሎን ተፈትቶ ቤት የሚገባበት መንገድ ያብጁ፤ ማን እንደሚያወርደውም በስም ይወሰን።

የኔትወርኩ ቅንብር ከሞላ ጎደል አንድ ጉዳይ ላይ ይቆማል፦ ማንም ሰው መስመሩን ብቻውን እንዳይበላው። ስልክና ኮምፒውተር ሳይጠይቁ የሚያወርዷቸውን ዝመናዎች ወደ ሌሊት ያዙሩ ወይም አንዴ ወርዶ ለሁሉም የሚያድል ማከማቻ ያዘጋጁ። የጤና ጣቢያው ኮምፒውተሮች በተለየ የዋይፋይ ስም ይሁኑና ቅድሚያ ይሰጣቸው፤ የእንግዳው ዋይፋይ በሰው 2 ሜጋቢት ይገደብ። መስመሩ በከፍታ ከቆመው ሳተላይት ከሆነ አንድ ነገር ይጠብቁ። 64 ኪሎባይት ያህል ልኮ ማረጋገጫ የሚጠብቅ አሮጌ ፕሮግራም በ600 ሚሊሰከንድ መዘግየት ላይ የቱንም ያህል ሰፊ መስመር ቢገዙለት በሰከንድ ከ900 ኪሎቢት አያልፍም። ሰዉ "የከፈልንበት ፍጥነት አልመጣም" ሲል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነውና ጥቅል ከመጨመርዎ በፊት አቅራቢው የፍጥነት ማሻሻያውን ማብራቱን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ኬብል ከገባ በኋላም በአንዳንድ ደሴቶች ዋጋው አልወረደም። ለምን?

መልስ፦ ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። ኬብል በኪሎ ሜትር 30,000 የአሜሪካ ዶላር ያወጣል ብንል 800 ኪ.ሜ 24 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለ100,000 ሕዝብ ሲካፈል በሰው 240 ዶላር ይደርሳል፤ ቱቫሉን ለሚያህል 11,000 ሕዝብ ግን ከ2,100 በላይ። ኬብሉ ለ25 ዓመት ታስቦ ቢሠራም ጥገናው፣ ጣቢያውና ከማረፊያው ወዲያ እስከ ሲድኒ ወይም ሎስ አንጀለስ የሚከፈለው የመተላለፊያ ኪራይ በየዓመቱ ይቀጥላል። ለዚህ ነው አብዛኞቹ በዓለም ባንክ፣ በእስያ ልማት ባንክ ወይም በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ እርዳታ የተሠሩት። ከሲድኒ ወደ ፖርት ሞርስቢና ወደ ሰለሞን ደሴቶች ዋና ከተማ ሆኒያራ የሚሄደውን፣ 4,700 ኪ.ሜ የሚረዝመውን የኮራል ባሕር ኬብል በአብዛኛው የከፈለችው አውስትራሊያ ናት።

ከሒሳቡ በላይ ግን ዋጋውን የሚወስነው የኬብሉ በር በማን እጅ እንዳለ ነው። የማረፊያ ጣቢያው ባለቤት ራሱ ለደንበኛ የሚሸጥ ኩባንያ ከሆነ ለተፎካካሪው ርካሽ የሚሸጥበት ምክንያት የለውም። ፍቱን የሆነው ጣቢያውን ለችርቻሮ ከማይገባ ድርጅት ሥር አድርጎ ለሁሉም በታተመ አንድ ዋጋ እንዲሸጥ ማስገደድ ነው። ይህ አንቀጽ ገንዘቡ ከመሰጠቱ በፊት ውሉ ውስጥ ካልገባ በኋላ ማስገባቱ እጅግ ከባድ ነው።

ትናንሽ አገሮች ርካሽ መንገድ የሚያገኙት በአጠገባቸው በሚያልፍ ትልቅ ኬብል ላይ ቅርንጫፍ በማስገባት ነው። በ2022 ሥራ የጀመረው ሳውዘርን ክሮስ ኔክስት የተባለው ኬብል 1,500 ገደማ ሰው ላላት ቶኬላው የመጀመሪያውን ኬብል ያመጣው እንዲህ ነው። ማናቱዋ የተባለው ኬብልም በ2020 ሳሞአን፣ ኒዌን፣ ኩክ ደሴቶችንና ታሂቲን በአንድ አስተሳስሯል። ቅርንጫፉ መጠየቅ ያለበት ኬብሉ ከመመረቱ በፊት ነው፤ ኋላ ላይ ለመጨመር ዋናውን ኬብል ቆርጦ የሌሎችን አገልግሎት ማቋረጥ ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ሳውዘርን ክሮስ ኔክስት ኪሪባስን አገናኝቷል ይባላል። ዋና ከተማዋ ታራዋ ለምን ሌላ ኬብል አስፈለጋት?

መልስ፦ የተገናኘችው ኪሪቲማቲ የተባለችው የኪሪባስ ደሴት ናት። ከታራዋ ከ3,000 ኪ.ሜ በላይ ትርቃለች። ለታራዋ የታሰበው ከማይክሮኔዥያ ፌዴሬሽን ደሴት ከፖንፔ ተነስቶ በኮስራይና በናውሩ የሚያልፈው የምሥራቅ ማይክሮኔዥያ ኬብል ነው፤ በአውስትራሊያ፣ በጃፓንና በአሜሪካ ገንዘብ፣ 2,250 ኪ.ሜ ገደማ፣ ውሉ በ2023 ተፈርሟል።

ጥያቄ፦ ትንሽ አገር በትንሽ ገንዘብ ዛሬውኑ ልታደርገው የምትችለው ነገር አለ?

መልስ፦ አለ፤ የአገር ውስጥ የኢንተርኔት መለዋወጫ ማዕከል፣ ማለትም ኩባንያዎች የደንበኞቻቸውን መረጃ እዚያው አገር ውስጥ የሚቀባበሉበት ቦታ። ቫኑዋቱ፣ ፊጂና ፓፑዋ ኒው ጊኒ አላቸው። ማዕከሉ በሌለበት ደሴት የአንዱ ኩባንያ ደንበኛ ማዶ ላለ የሌላው ኩባንያ ደንበኛ የሚልከው ኢሜይል ሲድኒ ወይም ኦክላንድ ደርሶ ይመለሳል፤ ሁለቱም ኩባንያዎች ለዚያ ጉዞ በውድ ዋጋ ይከፍላሉ።

የሚያስፈልገው የኩባንያዎቹን መስመሮች የሚያገናኝ አንድ ባለ 24 ቀዳዳ መሣሪያ (ስዊች)፣ ያንኑ የሚመስል መጠባበቂያ፣ መንገድ አከፋፋይ ሆነው የሚሠሩ ሁለት ትናንሽ ሰርቨሮች፣ ባትሪና የተቆለፈ ክፍል ነው። ክፍሉ ከተፎካካሪዎቹ በአንዱ ግቢ ውስጥ አይሁን፤ ዩኒቨርሲቲ ወይም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይሻላል። የኔትወርክ ቁጥርና አድራሻ የሚጠየቀው የእስያና የፓስፊክ አገሮችን የኢንተርኔት አድራሻ ከሚያድለው፣ ብሪስቤን ካለው ኤፒኒክ ነው። መሣሪያውን ማቆም የቀናት ሥራ ነው፤ ወራት የሚፈጀው ኩባንያዎቹን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ ነው። ትልቁ ኩባንያ "እኔ ምን አገኛለሁ?" ብሎ ይቀራል። መልሱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ማዕከሉ ላይ የቪዲዮና የሶፍትዌር አከፋፋዮች ማከማቻ ሰርቨር ሲቀመጥና ከውጭ የሚገባው ጭነት ሲቀልለት ነው።

ሥራ ከጀመረ በኋላ ዓለም አቀፉን መስመር ነቅላችሁ የባንኩን፣ የሆስፒታሉንና የመንግሥቱን ገጽ ከአንድ ስልክ ክፈቱ። ብዙውን ጊዜ አይከፈትም። ሰርቨሩ እዚያው ደሴቱ ላይ ቆሞ ስሙን ወደ አድራሻ የሚለውጠው ሰርቨር ግን ውጭ አገር ነው። የአገሪቱን የስም ሰርቨር ቅጂና የአንዱን ሥረ መሠረታዊ (ሩት) የስም ሰርቨር ቅጂ ማዕከሉ ላይ አስቀምጡና ሙከራውን ድገሙት። በሁለተኛው ሙከራ የሚቀረው ችግር በአብዛኛው ከውጭ የሚጫን የፊደል ቅርጽ (ፎንት) ወይም የመግቢያ ማረጋገጫ የሚጠራ ገጽ ነው፤ ያንን የሚያስተካክለው የገጹ ባለቤት ነው።